ሲያስፈርም የኖረው ፖስተኛ

ልጆች፣ ዛሬ ስለ አበል ላውራችሁ። ደረቅ ርዕስ መሆኑን አውቃለሁ። የቅጥር ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ዓይናችሁ የሚሮጠው ወደ ደመወዙ ነው፤ ከሥር በሁለት መስመር የተጻፈውን አበል ማን ልብ ይለዋል? እኔን በጥብቅና ዘመኔ ሁሉ ሲያከራክረኝ የኖረው ግን ያ ሁለት መስመር ነው።

አንድ ባለጉዳይ ነበረኝ፣ ፖስተኛ። ለዓመታት በእግሩ ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ በየወሩ የሚያገኘው የመስክ አበል በአንዱ ወር ቀረ። ደብዳቤ የለ፣ ማብራሪያ የለ። አለቃው "ይስተካከላል፣ ትንሽ ታገስ" አለው። ታገሰ። ዓመታት አለፉ። በመሃል አቤቱታ አስገብቼ ነበር ሲለኝ ደስ አለኝና "ለማን ሰጠኸው?" አልኩት።

"ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።"

ኮፒ? የለም። የተቀባይ ፊርማ? የለም። እንግዲህ አስቡት፣ ይሄ ሰው የአደራ ደብዳቤ ይዞ በየሰው በር እየቆመ "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" ሲል የኖረ ነው፤ ዝናብ ቢወርድበት እንኳ ደብተሩን በኮቱ ሸፍኖ ሳያስፈርም አንዲት ፖስታ አይለቅም። ይህንኑ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ክርክሩን አሸነፍን ማለት ይቻላል፣ ግን የቆየው ውዝፍ በይርጋ፣ ማለትም መጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ቀረና የቅርቦቹ ወራት ብቻ ተፈረዱለት። ይርጋ ከአገር አገር፣ ከሕግ ሕግ ይለያያል። ወራት ብቻ የሚሰጥ አለ፣ ዓመታት የሚሰጥም አለ። አለቃ በቃል "ይስተካከላል" ስላለ ብቻ ቆሞ ይጠብቀኛል ብላችሁ ግን እንዳትተማመኑ።

ሌላው ጣጣ የአበሉ ስም ነው። አንዳንዱ አበል ለሥራው ያወጣችሁትን ወጪ የሚተካ ነው፤ ሥራው ሲቀር እሱም ይቀራል። ከእግር ጉዞ ወደ ደብዳቤ መለያ ክፍል ተዛውራችሁ የመስክ አበሌ ለምን ተቆረጠ ብትሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እኔም ከአሠሪው ጎን ነኝ። አንዳንዱ ግን በየወሩ፣ ለሁሉም፣ ደረሰኝ ሳይጠየቅበት ይከፈላል። እሱ አበል የሚል ካባ የደረበ ደመወዝ ነው። አሠሪዎች ይህን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጡረታውም፣ የትርፍ ሰዓቱም፣ የስንብት ክፍያውም ብዙ ጊዜ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ስለሆነ፣ አበል ሲጨምሩላችሁ ዛሬ ኪሳችሁ ሞቅ ይላል፣ ስትወጡ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

በህንድ ገጠር ግራሚን ዳክ ሴቫክ የሚባሉ የፖስታ ሠራተኞች አሉ። የእነሱ ወርሃዊ ክፍያ ራሱ ደመወዝ አይባልም፣ አበል ነው የሚባለው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 በሰጠው ፍርድ የያዙት የመንግሥት የሥራ መደብ ነው፣ እንዲሁ በዘፈቀደ አይባረሩም ብሏል። ክፍያቸው ከመደበኛው ሠራተኛ እኩል ይሁን የሚለው ሙግት ግን ከዚያም በኋላ ቀጠለ።

የካናዳው ደግሞ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1983 አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ የካናዳ ፖስት የቢሮ ሠራተኞች፣ ሥራችን ከደብዳቤ አዳዮቹና ከለዪዎቹ ሥራ እኩል ዋጋ እያለው የሚከፈለን ያንሳል ብለው በማኅበራቸው በኩል አቤት አሉ። ችሎቱ ከ400 ቀን በላይ ተሰየመ። በ2005 ተፈረደላቸው፣ በይግባኝ ተሻረ፣ በ2011 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን መለሰላቸው። 28 ዓመት! እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። ስለ ሥራው ዝርዝርና ከደመወዝ ውጭ ስላለው ጥቅማጥቅም የቀረበው ማስረጃ ጥርት ያለ ስላልነበር፣ የተፈረደላቸው ገንዘብ በግማሽ መቀነሱ ነው። ግማሹን ወረቀት በላው ማለት ነው።

ስለዚህ የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። አበል ሲቆረጥ ቱግ ብላችሁ ወደ ፍርድ ቤት አትሩጡ፣ መጀመሪያ ሒሳብ ክፍል ግቡና በሰላም ጠይቁ፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የትኛው ሰርኩላር እንደመጣባችሁ ያውቃሉ። ቁጥሩንና ቀኑን ያዙ። ከዚያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በመዝገብ ቤት በኩል።

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ደወለችልኝ፤ እሷም የፖስታ ሠራተኛ ናት፣ አበል ተቆርጦባታል። "ጋሼ፣ አቤቱታዬን አስገብቻለሁ፣ ኮፒውንም በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ" አለች ኮራ ብላ።

"ጎበዝ። የመዝገብ ቤቱ የገቢ ማኅተም ይታያል?"

ትንሽ ዝም አለች። "ቆይ፣ ተመልሼ ልሂድ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።