መልስ፦ ነርቩ ለተገደለ መንጋጋ ጥርስ ክራውን የግድ ነው ወይ?

የታችኛው መንጋጋ ጥርስዎ ነርቩ ተገድሎ ከተሞላ በኋላ ሕመሙ ስለተወዎት፣ ሐኪሙ ያዘዘልዎት ክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ልባስ) ቢቀርስ ብለው ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት ባይቀር ይሻላል። ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለወጣ እንጂ ጥርሱ ስለጠነከረ አይደለም፤ በመቦርቦሩና ለሕክምናው በመከፈቱ ግድግዳው ስለሳሳ፣ አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጥሙ እስከ ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እንዲህ የተሰነጠቀ ጥርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመነቀል አይተርፍም። (የፊት ጥርስ ቢሆን ኖሮ፣ ብዙ አካሉ ካልተጎዳ፣ ሙሌቱ ብቻ ሊበቃው ይችል ነበር።)

ሥራው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀጠሮ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ጥርሱ ከላይ፣ እንደ ክራውኑ ዓይነት፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተሞርዶ ልኩ ይወሰድና ጊዜያዊ ሽፋን ይደረግለታል፤ እስኪተካ ድረስ በዚያ በኩል ማስቲካና ከረሜላ አያኝኩ። በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሙ ክራውኑን ጥርሱ ላይ ገጥሞ ባለቀለም ስስ ወረቀት ያስነክስዎታል፤ ቀለሙ ጎልቶ ያረፈበት ቦታ ከፍ ያለ ስለሆነ ይሞረዳል። አፍዎ ደንዝዞ ከነበረ ከፍታው ላይታወቅዎት ይችላልና፣ በማግስቱ አፍዎን ሲገጥሙ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከመሰለዎት ሳያፍሩ ተመልሰው ያስተካክሉት።