ሙዚቃን ሰምቶ ስለ መጻፍ፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ስለ አዳዲስ አልበሞች አስተያየት እጽፋለሁ። ሁለት አንቀጽ ሳልጨርስ ግን «ግሩም ድምፅ»፣ «ማራኪ ቅንብር» ብዬ ቃል ያልቅብኛል። ምን ይሻለኛል? (ከሄርማታ)

መልስ፦ ቃል የሚያልቀው ፍርዱ ከማዳመጡ ሲቀድም ነው። «ማራኪ ቅንብር» ለየትኛውም አልበም ስለሚለጠፍ አንባቢ ምንም አያገኝበትም። አልበሙን በመጀመሪያ ብዕር ሳይዙ ከዳር እስከ ዳር ይስሙት። በማግስቱ በጆሮ ማዳመጫ ይመለሱበትና ወረቀትዎን ለሦስት ይክፈሉት፦ ደቂቃው፣ የሰሙት ነገር፣ ያመጣው ለውጥ። ለምሳሌ፦ «1:12፤ ኪቦርዱ ረጅም ኮርድ ይዞ ገባ፤ ማሲንቆው ጠፋ።» (ኮርድ ማለት በአንድነት የሚመቱ ድምፆች ናቸው።)

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው፤ ለምን ጠፋ? ሁለቱ በተቀራረበ የድምፅ ከፍታ (ቅጥነትና ውፍረት) ላይ ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ኪቦርዱ ወደ ታች ቢወርድ ወይም ማሲንቆው በሚመልስበት ቦታ ዝም ቢል ኖሮ ሁለቱም ይሰሙ ነበር። እንግዲህ ወቀሳው ማሲንቆ ተጫዋቹ ላይ አያርፍም፤ የቅንብሩ ወይም የሚክሲንጉ (የተቀረጹትን ድምፆች የማመጣጠኑ) ጉዳይ ነው። ይህን አንድ ነገር በአራት ዓረፍተ ነገር ቢያስረዱ ከአንድ ገጽ ሙገሳ ይበልጣል።

ሦስተኛው ማዳመጥ ለግጥሙ ብቻ ይሁን። አራተኛውን በሌላ ማጫወቻ ያድርጉት። የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ በአግባቡ ስለማያወጣ፣ በስልክ ብቻ ሰምቶ «ቤዙ ደካማ ነው» ብሎ መጻፍ ሰው መበደል ነው። ሁለት ዘፈኖች ሲያወዳድሩም የድምፃቸውን መጠን አስቀድመው ያስተካክሉ፤ ጆሮ ከፍ ብሎ የተከፈተውን የተሻለ አድርጎ ይቀበለዋል።

ደግሞም ሁሉንም ለድምፃዊው አይስጡ። ግጥሙ፣ ዜማው፣ ቅንብሩ፣ ማስተሪንጉ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) የየራሳቸው ባለቤት አላቸው። ስማቸውን ከአልበሙ ሽፋን ወይም ከዩቲዩብ መግለጫው ይፈልጉና ምስጋናውንም ወቀሳውንም ለባለቤቱ ያድርሱ።

ጥያቄ፦ ኖታ አላነብም። ቅኝቱን (ዜማው የተሠራባቸውን ድምፆች ስብስብ) ሳልሳሳት መጥቀስ እችላለሁ? (ከመንደራ)

መልስ፦ ይችላሉ። ኪቦርድ ወይም የስልክ ፒያኖ ይበቃል። ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ያግኙና «ዶ» ይበሉት። ከዚያ «ሬ»ን ይፈልጉ፤ ጥቁሮቹን ጨምሮ ሲቆጠር ከዶ በሁለት ቁልፍ ከፍ የሚለው ነው፤ የአንድ ቁልፍ ልዩነት ግማሽ ድምፅ ይባላል። ሙሉ ሬ ካለ ትዝታ ነው፤ «ሚ» እና «ላ» ግማሽ ድምፅ ከወረዱ ደግሞ ትዝታ ማይነር። ሬ ከነአካቴው ከሌለ ወደ ባቲ ያመራል። ሬ ግማሽ ድምፅ ከወረደ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ነው፤ እነዚህን «ሶል» ይለያቸዋል፤ በአምባሰል ሶል ሙሉ ነው፣ በአንቺሆዬ ግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ማረፊያውን ሳያረጋግጡ መጀመር ነው፤ ዶ ከተሳተ ሁሉም ይሳታል። ዘፈኑ ስላዘገመና ናፍቆት ስላለበት ብቻ «ትዝታ ነው» ማለትም የተለመደ ስህተት ነው።

አራቱ ቅኝቶች የአገሪቱን ሙዚቃ ሁሉ እንደማይሸፍኑም ያስታውሱ። የዶርዜን የኅብረት ዜማ በእነሱ ሚዛን መለካት አያስኬድም። በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ያበጀው ኢትዮ ጃዝም ባለ አምስት ድምፅ ዜማን ከ12ቱ ድምፆች ኅብር ጋር ያጋባል። እዚያ ቅኝቱን ጠርቶ ማለፍ አይበቃም፤ ዜማውን ከሥር የያዘው ኮርድ ምን እንዳደረገው መስማትና መጻፍ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ስለ አፋን ኦሮሞ ዘፈኖች በአማርኛ ስጽፍ ግጥሙን እንዴት ላቅርበው? (ከጅሬን)

መልስ፦ ሁለት መስመር ብቻ ይምረጡ፤ በራሱ ቋንቋ እንዳለ ያስፍሩትና ፍቺውን ከሥሩ በተራ አማርኛ ያድርጉ። አማርኛው ቤት እንዲመታ ብለው አያጣሙት፤ የግጥሙ ሐሳብ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። የመጨረሻ ቃላቱ እንዴት እንደሚገጥሙ፣ ድምፃዊው የትኛውን ቃል እንደሚስብና የትኛውን እንደሚደግም ለብቻው ይንገሩ፤ ይህን ቋንቋውን የማያውቅ አንባቢም ዘፈኑን ከፍቶ ሊከታተለው ይችላል። ፍቺው ካጠራጠረዎ ቋንቋው አፍ መፍቻው ከሆነ ሰው ጋር መስመር በመስመር ይዩት። ያልገባዎትን ግጥም ግን «ጥልቅ ነው» ብለው አይለፉት፤ ስለ ዜማውና ስለ ቅንብሩ ብቻ ይጻፉ፣ ግጥሙን እንዳልዳሰሱም ለአንባቢው ይግለጹለት።