«ሰውነቴ የእኔ አይመስለኝም»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው። በድሬዳዋ በአንድ የምሽት ክበብ ልብስ እያወለቅሁ መደነስ ከጀመርኩ 3 ዓመት ሆነኝ። ሊያገባኝ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ሲነካኝ ግን እደነዝዛለሁ፣ ራሴን ከዳር ቆሜ የማይ ይመስለኛል። ጓደኞቼ «ይህን የሠራች ትዳር አይሆናትም» ይላሉ። ከጫቱና ከመጠጡ በኋላ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ሐኪም ሳላማክር ዲያዜፓም መዋጥ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ሆርሞኔ ተዛብቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሆርሞን ብለሽ ጻፍሽ እንጂ የጠየቅሽኝ «ተበላሽቼ ቀረሁ ወይ?» ነው። አልተበላሸሽም። ሰው ስላየው ያለቀ ገላ በሕክምና ሕይወቴ አላጋጠመኝም።

ሌሊቱን ሙሉ መብራቱ የት እንዳረፈብሽ፣ ሆድሽ መታየት አለመታየቱን፣ ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ ፊቱን ማዞሩን ስትከታተዪ ታድሪያለሽ። ያ ዓይን አብሮሽ ቤት ይገባል። ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ቶሚ አን ሮበርትስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ ሴቶች በጠቅላላው ይህንኑ ጽፈዋል፦ ገላዋን በተመልካች ዓይን ማየት የለመደች ሴት የውስጧን ስሜት መስማት ያዳግታታል፤ እፍረትና ድባቴም ይከተሏታል። መደንዘዝሽ ሰውነትሽ ሥራ ላይ ራሱን የጠበቀበት መንገድ ነው፤ በምክር ሕክምና ይለቃል። ለእጮኛሽ «ጥፋቱ የእጅህ አይደለም» በዪው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ዓመት ሙሉ ሐኪም ሳታማክሪ ዲያዜፓም! «ምርቃና ይሰብራል» የሚለው ወሬ ስንቱን ይገድልብናል? የዋጥሽው ግማሹ ከደምሽ እስኪወጣ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የሰኞው ኪኒን ከማክሰኞ ማታው መጠጥ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ተባብረው ትንፋሽን ያዘገያሉ፣ ሊያቆሙትም ይችላሉ። ጫቱ ደግሞ ነቃ ስለሚያደርግሽ ምን ያህል እንደጠጣሽ ይደብቅብሻል። አብራሽ የምታድረው ልጅ ይህን ታንብብ፦ ተጠርተሽ ካልነቃሽ፣ ትንፋሽሽ ከተቆራረጠ ወይም እንደ ከባድ ማንኮራፋት ካሰማ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ «ሰክራ ነው፣ ትተኛ» እንዳትል። በጎንሽ አስተኝታ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ በተገኘው ባጃጅ ድል ጮራ ሆስፒታል ታድርስሽ።

ደንግጠሽም ኪኒኑን ዛሬውኑ አታቁሚ። ዓመት የለመደ ሰውነት በድንገት ሲቀርበት የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፤ መጠኑ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ነው። ማቆም ያለብሽ መጠጡን ከኪኒኑ ጋር መቀላቀልን ነው፤ በየቀኑ የምትጠጪ ከሆነ ግን እሱንም ለሐኪሙ ንገሪ፣ በድንገት መተዉ ራሱ አደጋ አለው። የቀረሽን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዘሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ፊት ቅረቢ። ሥራሽንም አትደብቂው።