«ውሻዬ እግሩን ለምን ይበላል?» እና ተከትለው የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚውል ውሻ እግሩን ልሶ ልሶ ማቁሰሉን አወራሁ። ከዚያ ወዲህ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ፣ ከውሻ ተነስቶ ሰው ላይ ደረሰ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ ሰው የምለው ካነበብኩትና ሐረር በአእምሮ ጤና ነርስነት ከምትሠራው ባለቤቴ የሰማሁት ነው። ስሳሳት እሷ አትምረኝም።

አቦ ዶክተር፣ የኔም ውሻ የፊት እግሩን ቀይ ሥጋ እስኪሆን ላሰው። አበደ እንዴ?

አላበደም። መጀመሪያ እግሩን እይለት። መዥገር፣ ቁንጫ፣ አለርጂ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ በኛ አገር ደግሞ እሾህ አለ። ይሄ ሁሉ ከሌለ ነው ወደ አንጎል የምንሄደው። በፈረንጆቹ 1992 (ከዚህ በኋላ የምጠራውም ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ለሚልሱ ውሾች ክሎሚፕራሚን ሰጡ፣ እጁን መቶ ጊዜ ካልታጠበ ለማያርፍ ሰው የሚታዘዘውን መድኃኒት። መላሱ ቀነሰ። የሚገርመው ግን የዚሁ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ የሆነው ዴሲፕራሚን ሰው ላይ ለዚህ ችግር እንደማይረባው ሁሉ ውሾቹንም አልረዳም። ስለዚህ የውሻውና የሰውዬው ችግር አንድ መንገድ ሳይጋሩ አይቀሩም። አደራ፣ ፋርማሲ ሄደህ ራስህ ገዝተህ እንዳትሰጠው። ሰንሰለቱን ፍታለት። ፀሐይዋ ሳትከር ጠዋት ደቻቱ አሸዋ ላይ አሯሩጠው።

የጋሪ ፈረሴ ጎኑን ይነክሳል።

ሆድ ቁርጠት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ይታይ። ሆዱ ደህና ከሆነ ሌላውን እናወራለን። ራስን መንከስ ኮርማ ፈረስ ላይ ይበዛል፣ በተለይ ብቻውን ተዘግቶ የሚውል ከሆነ።

ጦጣ ራሷን ትነክሳለች የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፈረንጅ ወሬ?

እውነት ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሃሪ ሃርሎው የሚባል ተመራማሪ የሪሰስ ጦጣ ግልገሎችን ከእናታቸው ነጥሎ ለብቻቸው አሳደገ። ካደጉም በኋላ አንዳንዶቹ ሰው ሲጠጋቸው ክንዳቸውን ይነክሱ ነበር። ሰውዬውን ሳይሆን የራሳቸውን ክንድ! በኋላ እንደታየው ደግሞ በልጅነታቸው እናት ያላጡ፣ ግን ለምርምር በየራሳቸው ሳጥን የተቀመጡ ጦጣዎች ውስጥም ጥቂቶቹ ይህን ያደርጋሉ። ጓደኛ ሲገባላቸው ብዙዎቹ ይቀንሳሉ። እኔ ያን የሃርሎውን ሥራ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። እናት ለልጇ እንደምታስፈልግ ለማወቅ ያን ያህል መሄድ ነበረብን?

በዘር የሚመጣ አለ?

አለ፣ ከሁሉም የማልረሳው እሱን ነው። ሌሽ ናይሃን ይባላል። በ1964 ማይክል ሌሽ የሚባል የሕክምና ተማሪና መምህሩ ዊልያም ናይሃን ናቸው የጻፉት። በኤክስ ክሮሞዞም ስለሚተላለፍ የሚይዘው ከሞላ ጎደል ወንዶችን ነው፣ ከ380,000 ልደት አንድ ገደማ። አንድ ኢንዛይም ይጎድልና ዩሪክ አሲድ ይከማቻል፣ ሰውነት ከቁጥጥር ውጭ ይንቀሳቀሳል፣ ልጁም ከንፈሩንና ጣቱን ይነክሳል። ሕመሙ አይሰማውም እንዳትሉ፣ ይሰማዋል፣ ይጮኻል። «እሰሩኝ» ብሎ የሚለምነው ራሱ ነው፣ ማሰሪያው ሲፈታ በፍርሃት ይርበደበዳል። ይህን እኛ ሰፈር ብናይ ምን እንደምንል ታውቁታላችሁ፣ ጋኔን ያዘው ነው። አሎፑሪኖል የሚባለው መድኃኒት ዩሪክ አሲዱን ያወርደዋል፣ ኩላሊቱን ያድናል። ንክሻውን ግን አያቆመውም። አንጎላቸው ሲመረመር እንቅስቃሴ በሚመራው ክፍል ዶፓሚን የሚባለው መልእክት አድራሽ ኬሚካል በጣም አንሶ ተገኝቷል።

ታዲያ ሁሉም ነገር አንጎል ነው?

አንዲት አይጥ ላምጣልህ። ሆክስቢ8 የሚባለው ጂን የተበላሸባት አይጥ ጸጉሯ እስኪረግፍና ቆዳዋ እስኪቆስል ራሷን ታጸዳለች። በ2010 ዩታ፣ የማሪዮ ካፔኪ ቤተ ሙከራ ውስጥ የጤነኛ አይጥ መቅኔ ሰጧት። በወራት ውስጥ ብዙዎቹ ጸጉራቸው በቀለ! ተጠርጣሪዎቹ ማይክሮግሊያ የሚባሉ አንጎል ውስጥ የሚኖሩ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ሰው ላይ እንሞክረው እንዳትሉ ብቻ፣ አይጥ አይጥ ነች።

ጫት ያመጣል? የሐረር ልጅ ስለሆንክ እንዳታዳላ።

አላዳላም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው፣ አምፌታሚን ደግሞ ሲበዛ ቤተ ሙከራ ያለ እንስሳን አንድ ነገር እንዲደጋግም፣ አንዳንዴም ራሱን እንዲነክስ ያደርጋል። ከዚህ ተነስቶ «የቃመ ሁሉ ራሱን ይጎዳል» ማለት ግን ውሸት ነው። እንቅልፍ ላጣና ለተጨነቀ ሰው አይበጅም፣ በቃ።

ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ 9 ዓመቱ ነው፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። ቁልቢ ወስጄዋለሁ። ምን በድዬ ነው?

ምንም አልበደልሽም እህቴ። ቁልቢን አትተዪ፣ ሐኪሙንም ጨምሪ። መናገር የማይችል ልጅ ጥርሱን ወይም ጆሮውን ሲያመው ሊያጋጭ ይችላል፣ መጀመሪያ ይህ ይታይ። በ1982 ብራያን ኢዋታና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ሠሩ፦ ልጁ ራሱን የሚመታው መቼ እንደሆነ ተመለከቱ። አንዱ ልጅ ሰው ፊቱን ሲያዞርበት ነው፣ አንዱ ሥራ ሲሰጠው፣ አንዱ ብቻውንም ሆኖ። የሁሉም መፍትሔ ይለያያል። በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ከሥራ ለመሸሽ የሚመታውን «እረፍት ስጡኝ» የሚል ምልክት ሲያስተምሩት መምታቱ ቀነሰ። ባለቤቴ የምትለው ደብተር ያዢ ነው። ከመምታቱ በፊት ምን ነበር፣ ከመታ በኋላ ምን አገኘ፣ ሁለት ሳምንት ጻፊና ይዘሽ ሂጂ። እስከዚያው ግድግዳው ላይ ፍራሽ አስጠጊ፣ ራሱን የሚያቆስል ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ።

እህቴ 16 ዓመቷ ነው። ሆን ብላ ራሷን እንደምትጎዳ አየሁ። ትኩረት ፈልጋ ነው አይደል?

አይደለም። ትኩረት ፈላጊ አደባባይ ይወጣል፣ እነዚህ ልጆች ግን በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሰው የሚደብቁ ናቸው። ብቻዋን አይደለችም፣ በ2014 የብዙ አገር ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ወጣቶች 17 ያህሉ ቢያንስ አንዴ አድርገውታል። አብዛኞቹ የሚሉት «ውስጤ ሲጨናነቅ ለደቂቃ ይቀለኛል» ነው። ያ ቅለት ነው መልሶ የሚጠራቸው፣ ጭንቀቱ ግን እዚያው አለ። ማርሻ ሊነሃን የምትባል አሜሪካዊት ለዚህ ዓይነቱ የንግግር ሕክምና ሠርታ በ1991 ውጤቱን አሳይታለች። ስሜትን የመሸከምና ሳይጎዱ የማብረድ ልምምድ ነው፣ የሚማሩት ነገር ነው።

አንተ አትጩህባት፣ «ሁለተኛ አላደርግም በይ» ብለህም አታስምላት። ቁጭ ብለህ አድምጣት። መሞት ታስብ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቃት፣ ጥያቄው ሐሳቡን እንደማያመጣ በጥናት ታይቷል። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ የዚያኑ ቀን ድሬ ከሆናችሁ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውሰዳት። አይ ብትልም ቀጠሮ ያዝላት።

ለእናቴ ልንገራት?

መጀመሪያ እህትህን ጠይቃት፣ «ለማን ብንነግር ይሻልሻል?» ብለህ። እናትህ ካልሆነች አክስት ትሆን ይሆናል፣ አብረሃት ሁን። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከመሰለህ ግን ፈቃዷን አትጠብቅ፣ ተቆጥታህ ትክረም።