በ3.2 የት ላመልክት? ለኪቶው ተመራቂ

ከጅማ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ያልከኝ። በውሃ ምህንድስና በ3.2 ልትመረቅ ነው። ለማስተርስ የአሜሪካው ኤምአይቲ፣ ኦክስፎርድና ቶሮንቶ ልታመለክት አስበሃል። ካልሆነ አባትህ የቡና ማሳቸውን ሸጠው በኤጀንት ካናዳ ሊልኩህ ነው።

ከማሳው ልጀምር። እባካችሁ አትሽጡ። ካናዳ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያውንና ትኬቱን ሳትቆጥር፣ ለኑሮ ብቻ ከ20,000 የካናዳ ዶላር በላይ አሳይ ትላለች። ያንን አሟልተህም ቪዛው ሊከለከል ይችላል። ብዙ ኤጀንቶች ደግሞ ኮሚሽን የሚቆረጥላቸው ከሚልኩህ ኮሌጅ ነው። ቢሮአቸው ስትሄድ "ከማን ነው የሚከፈላችሁ?" ብለህ ጠይቅ። ፊታቸውን እያየህ።

ውጤትህ ደህና ነው። ከካናዳ ይልቅ ጀርመንን እናስብ፤ ጀርመኖች የውጭ ውጤት የሚቀይሩበት ስሌት አላቸው። እነሱ ጋ 1 ምርጥ፣ 4 ማለፊያ ነው። ከ4.0 ላይ 3.2 ቀንስ፣ 0.8 ይቀራል። ለ2 አካፍለው፣ በ3 አባዛው፣ 1 ጨምርበት። 2.2 መጣልህ። ብዙ ፕሮግራሞች 2.5ን ይቀበላሉ፤ በእኛ 3.0 መሆኑ ነው። 2.0 የሚሉትን እለፋቸው። በዩኒ አሲስት፣ ማለትም ለብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በሚቀበለው ድርጅት በኩል የሚያስገቡት ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ስለሚያስከፍሉ ዝም ብለህ አትበትን።

ጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም። ለቪዛ ግን በዝግ ሂሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) ለዓመት 11,904 ዩሮ ይጠየቃል። ስለዚህ አንተ ዩኒቨርሲቲ የምትመርጠው በስም አይደለም፤ መጀመሪያ ስኮላርሺፑን ታያለህ። የጀርመኑ ዳድ (DAAD) የሚሰጠው ኢፖስ (EPOS) የተባለው ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ለዘንድሮ አይሆንህም። የአውሮፓ ኅብረቱ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንደስ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል፤ ፉክክሩ ግን ከባድ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቡርስላሪ ማመልከቻው በነጻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ይከፈታል።

የገረመኝ ቤልጂየምን አለማንሳትህ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በቭሊር (የቤልጂየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር) በኩል ከሉቨን፣ ከጌንት፣ ከብራስልስና ከአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት ሠርቷል። ሉቨንና ብራስልስ በጋራ ሲሰጡት የኖሩት የውሃ ሀብት ምህንድስና ማስተርስ ደግሞ ቁርጥ ያንተ ነው። እዚያ የተማረ መምህር ግቢያችሁ ውስጥ ፈልግና ቡና ጋብዘው። የትኛው ኮርስ እንደሚያስጨንቅ፣ የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ምን እንደሚያዩ ከኔ የተሻለ ይነግርሃል።

ኤምአይቲ ልብህን ካልለቀቀው አንዷን ማመልከቻ ለሱ ተዋት፤ አልከለክልህም። ሌሎቹ አራት አምስቱ ግን ውጤትህና ኪስህ የሚደርስባቸው ይሁኑ።

አሁን ፓስፖርትህን አውጣ። መምህራኖችህ ለክረምት ሳይበተኑ ሪኮመንዴሽን አስጽፍ። የእንግሊዝኛ ፈተናው አይኤልትስ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ፣ የምታመለክትበትን ወር ሳታውቅ ለመፈተን አዲስ አበባ አትሂድ። ትራንስክሪፕትህንም ላክልኝ፤ የሃይድሮሊክስና የሂሳብ ውጤትህን ለብቻ ማየት እፈልጋለሁ።