«ምንም ሳልነካው ነው እንዲህ የሆነው»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከሰንዳፋና ከሰበታ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት መግቢያ አላቸው፦ «ምንም ሳልነካው ነው እንዲህ የሆነው።» ቅዳሜ ቅዳሜ በምቀመጥበት የኮዬ ፈጬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤትም ይህን ቃል ዘወትር እሰማለሁ። ላፕቶፑን ታቅፎ የሚገባው ሰው ብልሽቱን ከመንገሩ በፊት ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ይምላል። ይህ ያሳዝነኛል። ጣት ይስታል፤ የሳተ ጣት ነውር የለበትም። ነገሩን የሚያከፋው ኀፍረቱ ነው። ሰው ሲደነግጥና ሲያፍር የሆነውን ቶሎ ለመሸፈን ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል፤ ብዙ ሥራ ሲጠፋ ያየሁት በመጀመሪያው ንክኪ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ በመጡት ነው። ስለዚህ ወደ መልሶቹ ከመሄዴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ያልጠበቁት ነገር ሲሆን እጅዎን ከኪቦርዱ ላይ ያንሡ፣ ትንፋሽ ይውሰዱ፣ በመጨረሻ የነካሁት ምን ነበር ብለው ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ኮዬ ፈጬ ተከራይቼ እኖራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ሳለ 64 ገጽ በቅጽበት ጠፍቶ አንዲት ፊደል ብቻ ቀረች። ደንግጬ ፋይሉን ስዘጋው ለውጡ ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። አሁን ስከፍተው ባዶ ነው። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፣ ወንድሜ። እስቲ ኪቦርድህን ተመልከት። በግራ በኩል ሺፍት አለ፤ ከሥሩ ኮንትሮል አለ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጣት ጫፍ አይበልጥም። ዓረፍተ ነገር በትልቁ ኤ ልትጀምር ሺፍትን ስትፈልግ ትንሿ ጣትህ ወደ ታች ወርዳ ኮንትሮልን ያዘች። ኮንትሮልና ኤ አብረው ሲጫኑ «ሁሉንም ምረጥ» ማለት ነው። ጽሑፉ በሙሉ ተመረጠ፤ ቀጥለህ የነካሃት ፊደል ደግሞ በተመረጠው ሁሉ ቦታ ገባች። 64 ገጽ የጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያች ቅጽበት ኮንትሮልንና ዜድን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብትጫን ሁሉም ይመለስ ነበር። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እንላለን፤ እዚህ ግን ይታፈሳል። ዎርድ ፋይሉን ካስቀመጥክ በኋላ እንኳ እስካልዘጋኸው ድረስ ወደ ኋላ ይመልስሃል። ስትዘጋው ግን የእርምጃዎቹ መዝገብ አብሮ ይጠፋል። ያንተን ነገር ያከበደው ይህ ነው።

አሁን የሚቀርህ ቅጂ ፍለጋ ነው። ለአማካሪህ በኢሜይል የላክኸውን፣ ለማሳተም በፍላሽ የያዝኸውን፣ በቴሌግራም ለጓደኛህ ያሳየኸውን አንድ በአንድ ፈልግ። ፋይሉ በዋንድራይቭ፣ ማለትም በማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ከነበረ የቀደሙ ቅጂዎች ዝርዝር ይኖረዋል። ዎርድ በየ10 ደቂቃው በራሱ የሚይዘው ቅጂ መብራት ሲጠፋና ፕሮግራሙ ሳይታሰብ ሲዘጋ ይደርሳል፤ አንተው ራስህ «ይቀመጥ» ላልከው ለውጥ ግን አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ከመተኛትህ በፊት ፋይሉን ቀን ጽፈህበት በቴሌግራም ለራስህ ላክ። ኮፒ ቤቱ የሚመጡ ተማሪዎችን ሁሉ ይህን አስምላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ገላን በሚገኝ የሕንፃ መሣሪያዎች መደብር ሒሳብ እሠራለሁ። ኤክሴል ላይ የቀስት ቁልፎችን ስጫን የተመረጠው ሳጥን ባለበት ይቆማል፤ ገጹ በሙሉ ግን ይሸሻል። ጥገና ቤት ወስጄው ኪቦርዱን ቀይሪ አሉኝ።

መልስ፦ አይቀይሩት። ስክሮል ሎክ የሚባለው ቁልፍ ሳያውቁት ተነክቶ ነው። በኤክሴል መስኮት ግርጌ፣ በግራ በኩል፣ ስሙ ተጽፎ ያገኙታል። ያንኑ ቁልፍ አንድ ጊዜ ቢጫኑት ይበቃል። ላፕቶፕዎ ላይ ከሌለ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና «ኦ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ፤ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይወጣል፣ እዚያ ላይ በማውስ ይንኩት።

እንዲህ ያሉ ቁልፎች የሌሎችን ቁልፎች ትርጉም በዝምታ ስለሚለውጡ ሰውን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳሉ። ካፕስ ሎክ ተነክቶ የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ የሳተ ስንቱ ነው! በአንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ ኢንሰርት ሲነካ አዲሱ ፊደል የፊት ለፊቱን ፊደል እየበላ ይሄዳል። በአንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ነም ሎክ ሲበራ ጄ፣ ኬና ኤል 1፣ 2ና 3 ይሆናሉ። ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ከተጫኑ ደግሞ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መያዝ ለማይችሉ ሰዎች የተሠራውን አገልግሎት ላብራ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ካልፈለጉት «አይ» ይበሉት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ጽሑፍን ቆርጦና ቀድቶ መለጠፍን ካስገኙት ባለሙያዎች አንዱ የነበረው ላሪ ቴስለር ከዚህ ዓይነቱ ስውር ለውጥ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ታግሏል። ሞድ የሚባለው የቁልፍን ትርጉም የሚለውጠው ይኸው ስውር ሁኔታ ነው፤ የመኪናው ሰሌዳ ሳይቀር «ሞድ የለም» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ዐረፈ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከእርሱ ጋር ነኝ፦ ሰው ሊያየው በማይችለው ነገር ሊወቀስ አይገባም። እርስዎም ለአለቃዎ ይህንኑ ይንገሯቸው፣ የአዲስ ኪቦርድ ዋጋም ይተርፋል።

ጥያቄ፦ አሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ሰንዳፋ ከአያቴ ጋር እኖራለሁ። የአያቴ ስልክ የነኩትን ሁሉ ጮክ ብሎ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ አንድ ጊዜ ሲነኩት ደግሞ አይከፍትም። «ሰው ገብቶበታል» ብለው በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። አጎቴ ከውጭ ሲደውልም ማንሣት አልቻልንም።

መልስ፦ ስለ አያትሽ ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። ስልኩ አልተበላሸም፤ ማንም አልገባበትም። ቶክባክ የሚባለው አገልግሎት በርቶ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ የድምፅ መጨመሪያውና መቀነሻው አንድ ላይ ለሦስት ሰከንድ ያህል ሲያዙ ይበራል። አያትሽ ስልኩን ጎኑን ይዘው ጠበቅ ሲያደርጉት አውራ ጣታቸው በሁለቱም ላይ አርፎ ይሆናል። የሚጠፋውም በዚያው መንገድ ስለሆነ መጀመሪያ ሁለቱን ለሦስት ሰከንድ ይዘሽ ሞክሪ።

እምቢ ካለ የአነካክ ሥርዓቱን ማወቅ ይጠቅምሻል። አንድ ጊዜ ስትነኪ ስልኩ የነካሽውን ያነብብልሻል፣ ዙሪያውንም ያሰምርበታል። ለመክፈት ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ መንካት ነው። ዝርዝሩን ወደ ታች ለማውረድ በሁለት ጣት መጎተት አለብሽ። ስልክ ሲጠራ በአዳዲሶቹ ስልኮች ላይ በሁለት ጣት ሁለቴ መታ መታ ብታደርጊ ይነሣል፤ አጎትሽ ዛሬ ከደወሉ በዚህ አንሺላቸው። ከዚያ ቅንብሮች ውስጥ ገብተሽ «ተደራሽነት» የሚለውን፣ ቀጥሎም ቶክባክን ፈልገሽ አጥፊው። እዚያው የአቋራጩን ምርጫም ብትዘጊው በድንገት ተመልሶ አይበራም።

ስትጨርሺ ስልኩን ዝም ብለሽ አትስጫቸው። አጠገባቸው ቁጭ በይና ራሳቸው ሁለቱን ቁልፎች ይዘው አብርተው ያጥፉት። ይህ ድምፅ ዓይነ ስውራን ስልክ የሚደውሉበት፣ መልእክት የሚያነቡበት፣ የባንክ ሒሳባቸውን ማንም ሳያይባቸው የሚያውቁበት መሆኑን ንገሪያቸው። ለሰው ዓይን የሚሆን ነገር መሆኑን ሲያውቁ ነጠላው የሚፈታ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አማርኛ እየጻፍኩ በመካከል የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆንብኛል። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሙን እንደገና እስክጭን ድረስ ሥራ ቆመ።

መልስ፦ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን አያስፈልግም። በዊንዶውስ ግራውን ኦልትና ሺፍትን፣ ወይም የዊንዶውስን ቁልፍና የባዶ ቦታውን ረጅም ቁልፍ አብረው ሲነኩ ቋንቋው ይለዋወጣል። በዚያው ይመለሳል። የትኛው ቋንቋ ላይ እንዳሉ ከሰዓቱ አጠገብ ይታያል።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ። ከምጣዱ ሳልነሣ ለጤፍ ነጋዴዬ በስልኬ ገንዘብ እየላክሁ ሳለ ቁጥሩ ላይ 5 የነካሁ መስሎኝ 8 ገባና 4,200 ብር ለማላውቀው ሰው ሄደ። ስልኩ አንዳንዴ ሳልነካውም በራሱ ይጽፋል።

መልስ፦ እኅቴ፣ አዝናለሁ፤ የስንት ቀን ጭስ እንደሆነ ይገባኛል። የገንዘቡን ላስቀድም። የሄደ ብር ኮንትሮልና ዜድ የለውም፤ ከስልክዎ ላይ መመለስ አይችሉም። ሳይውሉ ሳያድሩ ለተቋሙ የደንበኞች አገልግሎት ይደውሉ ወይም በአካል ይሂዱ። የግብይቱ ቁጥር ያለበትን መልእክት አይሰርዙት፤ ማስረጃዎ እርሱ ነው። ለተቀባዩ ደውለው በትሕትና መጠየቅም ይችላሉ። ብዙ ሰው ይመልሳል። ካልመለሰ ግን በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ አግባብ የተከፈለ ገንዘብ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። ሲጨነቁ አይቶ «ላስመልስልዎ፣ ሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል ሰው ቢመጣ ስልኩን ይዝጉት። ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ እውነተኛ ሠራተኛ የለም።

ወደ ስልኩ ልምጣ። የንክኪ ስክሪን የሚሠራው የጣትን ግፊት ሳይሆን ሰውነታችን የያዘውን ጥቂት ኤሌክትሪክ በማወቅ ነው። ውሃም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከአክንባሎው ሥር የሚወጣው እንፋሎት መስታወቱ ላይ ጠብታ ሆኖ ሲያርፍ፣ ወይም ጣትዎ ላይ ሊጥ ሲኖር፣ ስክሪኑ ጣቱ የት እንዳለ ይምታታበታል። መጀመሪያ ስክሪኑን ቆልፈው ያጥፉት፣ ከዚያ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይጥረጉት። ሳይቆልፉ ከጠረጉት መጥረጉ ራሱ ሌላ ንክኪ ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅለው ይዩት፤ ጥራት የሌለው ቻርጀር የሚያመነጨው ብጥብጥ ስክሪኑን ያልተነካውን እንደተነካ ያስቆጥረዋል። ሲነቀል የሚተው ከሆነ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው።

ለወደፊቱ ገንዘብ ሲልኩ ቁጥሩን ከመጻፍ ከስም ዝርዝርዎ ይምረጡ፤ «ላክ» ከማለትዎ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ይህንም ከምጣዱ ተነሥተው፣ እጅዎን ታጥበውና አድርቀው ያድርጉት። እንጀራው ሁለት ደቂቃ ይታገሣል።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ልልክ የነበረውን የሐኪም ወረቀት ፎቶ በኮንዶሚኒየማችን የነዋሪዎች ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። ደንግጬ ስሰርዘው ከእኔ ስልክ ብቻ ጠፋ።

መልስ፦ ዋትስአፕ መሆኑ ከአነጋገርዎ ይገባኛል። «ለእኔ ብቻ ሰርዝ» እና «ለሁሉም ሰርዝ» ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ የደነገጠ ሰው የመጀመሪያውን ይነካል፤ ከዚያ በኋላ መልእክቱ ሌሎች ዘንድ እያለ ከእርስዎ እጅ ይወጣል። ለጥቂት ሰከንዶች ከታች «መልስ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ እርሱን ነክቶ እንደገና በትክክል መሰረዝ ይቻላል። ያ ካለፈ የግሩፑን አስተዳዳሪ እንዲሰርዙልዎ ይጠይቁ፤ ዋትስአፕ ይህን ይፈቅድላቸዋል። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ የራስዎን መልእክት ሲሰርዙ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ይጠፋል። ያየ ጎረቤት ካለም እንዳላየ ይሆን ዘንድ ብቻ ይለምኑት። የሰው ሕመም መነጋገሪያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ስሄድ ስልኬ በኪሴ ሆኖ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር ይደውላል።

መልስ፦ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ማብሪያው አምስት ጊዜ በፍጥነት ሲጫን የአደጋ ጊዜ ጥሪ ይጀምራል። ቅንብሮች ውስጥ ከደኅንነትና ከአደጋ ጊዜ ክፍል ገብተው ማጥፋት ወይም ማረጋገጫ እንዲጠይቅ ማድረግ ይችላሉ። ጥሪው ከተነሣ ግን ዝም ብለው አይዝጉት። በ991 ፖሊስ፣ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ በ939 እሳት አደጋ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ «በስሕተት ነው፣ ደኅና ነኝ» ካሉት ወዲያው ወደሚቀጥለው ጥሪ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነው የምኖረው፤ ቤቴ ሆኜ ትርጉም እሠራለሁ። ቡና ላፈላ ስነሣ የሁለት ዓመት ልጄ ኪቦርዱን ደበደበውና ስክሪኑ ተገለበጠ። ፊደሉ ሁሉ በራሱ ቆሟል።

መልስ፦ ልጅዎ ኮንትሮልን፣ ኦልትንና የታች ቀስትን አንድ ላይ አግኝቷቸዋል። ኮንትሮልን፣ ኦልትንና የላይ ቀስትን ይጫኑ፤ ይቀናል። ይህ አቋራጭ በማይሠራባቸው ኮምፒውተሮች ላይ በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ማውሱን በቀኝ ነክተው የስክሪን ቅንብርን ይክፈቱ፣ የአቀማመጥ ምርጫውንም ወደ አግድም ይመልሱት። ማውሱ ወደ ተቃራኒው ስለሚሄድ በዝግታ ይያዙት። ከመረጡ በኋላ ዊንዶውስ ለውጡ ይጽና ወይ ብሎ 15 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ካልመለሱለት ወደነበረበት ይመልሰዋል። ሌላ ነገር ሳይበላሽ አይቀርም ብለው አይፍሩ፤ ክፍት የነበረው ፋይል ላይ የገባውን ትርኪምርኪ ፊደል ኮንትሮልና ዜድ ያነሡታል። ከእንግዲህ ቡናው ሲጠራዎ ከመነሣትዎ በፊት የዊንዶውስን ቁልፍና ኤልን አብረው ይጫኑ። ስክሪኑ ይቆለፋል፤ ልጁም የፈለገውን ያህል ቢደበድብ ክፍት ሥራዎ ጋ አይደርስም።