የእባቡ ሠዓሊ ማን ነበር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሥዕል ተማሪ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ አንድ የድሮ የኮብራ ሥዕል አየሁና ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ከሥሩ «የፌይረር መጽሐፍ፣ 1872» ይላል። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ተሥሏል። ሠዓሊው ይህን ሁሉ ያየው እባቡ ሞቶ ነው ወይስ በሕይወት እያለ? ፎቶ ማንሳት አይቀልም ነበር?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ በሕይወት እያለ ነው። ጆሴፍ ፌይረር ሕንድ አገር፣ ካልካታ ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ የቀዶ ሕክምና መምህር የነበረ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ከየአካባቢው ቁጥር ቢያሰባስብ፣ በ1869 ብቻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቤንጋልን ጨምሮ ብሪታንያ ትገዛው ከነበረው ሕንድ ግማሽ ያህሉ ውስጥ 11,416 ሰው በእባብ ተነድፎ መሞቱን አገኘ። ማርከሻው መድኃኒት ገና አልተፈጠረም፣ እሱ የመጣው በ1890ዎቹ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሐኪም መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የነደፈው እባብ መርዛማ መሆን አለመሆኑን ነበር፣ የፌይረር መጽሐፍም የሚረዳው ለዚህ ነው። በእባብ የተነደፈ በልጥ በረየ ይባል የለ? ምንም መርዝ የሌለው እባብ የነከሰው ሰው እንኳ በድንጋጤ ይዝለፈለፋል።

ታዲያ እባቡን አልኮል ውስጥ ከትቶ ማቆየት ይቻላል፣ ግን ቀለሙ ይሄዳል። አረንጓዴው እፉኝት ብልቃጥ ውስጥ ሲቆይ ሰማያዊ ይሆናል፣ ምክንያቱም ቢጫው ቀለም በአልኮሉ ታጥቦ ይወጣል። ፎቶውም ያኔ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገርም ይደበዝዝበታል። ስለዚህ እባብ አያያዝ የሚያውቁ የአገሬው ሰዎች ሕይወት ያለውን እባብ ይዘው ያመጣሉ፣ ሠዓሊው ደግሞ እያየ ይሥላል።

ቅርፊቱ አንድ በአንድ የተሣለው ለውበት አይደለም። ክሬት የሚባለውን እባብ ውሰጂ። ጥቁር ነው፣ ቀጫጭን ነጭ መስመር አለው፣ ሌሊት የተኛ ሰው ይነድፋል፣ ሕመሙም ብዙም ስለማይሰማ ሰውየው ሳይጠረጥር ይቀራል። እሱን የሚመስል፣ መርዝ የሌለው ሌላ እባብ አለ። በቀለም ብቻ ብትሄጂ ትሳሳቻለሽ። የክሬቱ ጀርባ መሐል ለመሐል ግን ከጎኖቹ ተለቅ ያሉ፣ ስድስት ማዕዘን ያላቸው ቅርፊቶች ተደርድረዋል፣ ያኛው የለውም። ሠዓሊው እነዚያን ቅርፊቶች አሳንሶ ቢሥላቸው መጽሐፉን የሚያይ ሐኪም ገዳዩን እባብ ምንም አያደርግም ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ልንገርሽ። ሥዕሉ የሚጠራው በሐኪሙ ስም ነው። የሠሩት ግን የካልካታ መንግሥት ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሕንዳውያን ሠዓሊዎች ናቸው፣ ዋነኛውም አናዳ ፕራሳድ ባግቺ ይባላል። ያንቺን ቀን ሙሉ የያዘው የእነሱ እጅ ነው፣ የሐኪሙ አይደለም። ሥዕሉን ለጓደኛ ስታሳዪ እባክሽ ስሙን ጥሪው።

አሁን ሥዕሉን እንደገና ክፈቺና ጭንቅላቱ በጎን የሚታይ ከሆነ አጉልተሽ የላይኛውን ከንፈር እዪ። ከአፍንጫው በኩል ስትቆጥሪ ሦስተኛው ቅርፊት ኮብራ ላይ ከፍ ብሎ ዓይኑንም የአፍንጫውን ቅርፊትም ይነካል። ቁጠሪና ምን እንዳገኘሽ ጻፊልን።